የሳይመን ሞርሳ ሳንቲም

ሳይመን በተቀበረ ዕለት፣ ከቀብር መልስ በመንደሩ አዳራሽ ኬክ እየተቆረሰ ሳለ፣ አንድ ሰው ከሟቹ ሚስት ከኹርቼ ጀርባ ቆሞ «ምስኪን ሳይመን ሞርሳ፤ ደግ ሰው ነበር» ሲል ሰማችው። ሰውዬው ክፉ አላሰበም። በእኛ ሰፈር ግማሹ መንደር በአንድ የቤተሰብ ስም ስለሚጠራ እያንዳንዱ ሰው ቅጽል ስም አለው። ዳቦ ጋጋሪው ኬስ ዳክዬ ነው፤ ፖስተኛው ያፕ አንድ ጫማ ነው፤ ማንም በዚህ አይቀየምም። ኹርቼ ግን የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባሏን ሃያ ሰባት ዓመት ያሸማቀቀው ስም እስከ መቃብሩ ተከትሎት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባት። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። መልካም ሲሆን ደስ ይላል፤ እንዲህ ያለው ሲሆን ግን ሬሳን እንደገና መቅበር ነው።

ስሙ የመጣው እንዲህ ነው። ሳይመን ከሆርን ከተማ በብስክሌት አርባ ደቂቃ በምትርቅ፣ ከግድቡ ሥር ባለች መንደር የቱሊፕ አበባ ገበሬ ነበር። የእኛ መሬት ድሮ ከከተማ በጀልባ ተጭኖ በመጣ ጥራጊና ፍግ የዳበረ ነው፤ ከጥራጊው ጋር የከተሜው የወደቀ ቁልፍ፣ የተሰበረ ፒፓ፣ ከኪስ ያመለጠ ሳንቲም አብሮ መጥቷል። ስለዚህ ያረሰ ሁሉ ሳንቲም ያገኛል። አብዛኛው ዳውት ነው፤ የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት የድሃ ኪስ ውስጥ ይንኳኳ የነበረ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ የሚበልጥ የመዳብ ሳንቲም። የእኛ አገር ዳውት በአንድ ወገኑ ጋሻ ላይ የሚራመዱ ሁለት አንበሶች፣ በሌላው ወገኑ የአገሩ ስምና ዓመተ ምሕረቱ አለበት።

በ1988 መከር ሳይመን ከማረሻው ኋላ ያነሳት ዳውት ግን በሁለቱም ወገን አንበሶች ነበሯት። ባንዱ ወገን እንደ ወጉ ጎልተው ይታያሉ። በሌላው ወገን ወደ ውስጥ ሰርጉደው፣ ግራው ቀኝ ሆኖ፣ በመስታወት እንደታዩ ሆነዋል። ያም ወገን ወፍራም አረንጓዴ ዝገት ስለለበሰ አንበሶቹ ብርድ ልብስ እንደተከናነቡ ልጆች ነበሩ፤ መኖራቸው ይታወቃል፣ መልካቸው አይታይም።

ሳይመን ይህ ምን እንደሆነ ከማኅበሩ መጽሔት አንብቦ ያውቅ ነበር። ድሮ ሳንቲም አታሚው የመዳቡን ክብ በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል አስገብቶ ይጫነዋል። አንዳንዴ የታተመው ሳንቲም አልወርድ ብሎ ከላይኛው ማኅተም ጋር ይጣበቃል። አታሚው ካላስተዋለ ቀጣዩ መዳብ ከታች ከማኅተሙ፣ ከላይ ደግሞ ከተጣበቀው ሳንቲም ፊት ጋር ይጨፈለቃል። አንበሶቹ ሁለት ጊዜ ይወጣሉ፤ አንዴ ጎልተው፣ አንዴ ሰርጉደው። የስህተት ልጅ ናት፤ ስለዚህም ብርቅ ናት።

ደስታው ልክ አልነበረውም። ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ፣ ሳንቲሟን በጥጥ ጠቅልሎ፣ ሆርን ከተማ አንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ወደሚሰበሰበው የሳንቲም ማኅበር ሄደ። የማኅበሩ ሊቀመንበር መምህር ማይንደርት ነበሩ፤ የመንደሩን ልጆች ሁሉ፣ የሳይመንና የኹርቼን ልጅ ቲኔኬንም ጭምር ያስተማሩ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው ጠፍቶ የማያውቅ ሰው። ሳንቲሟን በወረንጦ ይዘው ወደ ብርሃን አነሷትና፣ ዳቦ ቆርሶ ለመብላት የሚበቃ ጊዜ እንኳ ሳይወስዱ ፈረዱ።

«ይህ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም» አሉ። «ሁለት ሳንቲም ሞርሳ ውስጥ ከቶ ያጠበቀ ሰው ሥራ ነው።» ከዚያ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ተመለከቱና፣ «ሳይመን፣ አንተ መጋዘንህ ውስጥ ሞርሳ አለህ አይደል?» ሲሉ ጨመሩ።

አርባ ወንድ ሳቀ። ብረት ጨምድዶ የሚያጠብቀው ሞርሳ እንዳለው ማን የማያውቅ አለ፤ የመንደሩ የተሰበረ ማረሻ ሁሉ የሚቃናው እሱ ጋ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ስሙ ግድቡን ተሻግሮ መንደር ገባ።

ኹርቼ ያን ዕለት ሆርን ገበያ ውላ ነበርና አብረው በመኪና ተመለሱ። የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገራት። ተነሺው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ጀልባ ሊያልፍ ድልድዩ ተነስቶ ነበር። ቆሙ። እሷም፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቀውም፣ «ሳይመን፣ አድርገኸው ይሆን እንዴ?» አለችው። እሱ ጀልባውን እያየ ቆየ። ድልድዩ ወረደ፤ ማርሹን አስገባና ነዳ። ያን ቀን አልመለሰላትም፤ ከዚያም በኋላ አልመለሰላትም። ሳንቲሟን ባዶ የሲጋር ቆርቆሮ ውስጥ ከተታት፤ ማኅበሩንም ተሰናበተ።

ሌላው ኑሯቸው እንደ ድሮው ቀጠለ። ሳቀ፣ ሰርግ ላይ ጨፈረ፣ የልጅ ልጆቹን ትራክተር ላይ ጫነ። ያቺ አንዲት ነገር ብቻ ተቆልፋ ቀረች። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም። ጨርሶ አልጠየቅኩትም ልትል ግን አትችልም፤ አንዴ ጠይቃዋለችና። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ አታውቅም ነበር። ሳይመን ቀልድ ይወድ ነበር። ጎረምሳ ሳለ የጎረቤትን ነጭ ላም ሌሊት ብርቱካናማ ቀለም ቀብቶ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው አርባ ሽማግሌ ሊያታልል ሞርሳ ቢያጠብቅ ምን ይደንቃል? ኹርቼ ሃያ ሰባት ዓመት ከምትወደው ሰው ጋር የተኛችው ይህን ጥያቄ በመካከላቸው አስተኝታ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ከማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። ማኅበሩ በአካባቢው መሬት የተገኙ ሳንቲሞችን ሁሉ ከነአግኚዎቻቸው ስም መዝግቦ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው፤ የሟች ባለቤትዎ ግኝቶች ካሉ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ይላኩልን ይላል። ኹርቼ ሠላሳ አንድ ሳንቲም ዘርዝራ ላከች። መልስ መጣ፤ ሠላሳው ተቀባይነት አግኝቷል። በሠላሳ አንደኛው ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተስቦበት «በሞርሳ የተጫነ» ተብሎ ተጽፏል። የቀይ እስክሪብቶው ባለቤት ሰማንያ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ እስክሪብቶው ግን አላረጀም።

እሷ ቀዩን መስመር አንድ ጊዜ አየችና ወረቀቱን አጣጥፋ ጨው ዕቃው ሥር አኖረችው። እልህ ምላጭ ያስውጣል። በዚያው ቀን የሲጋሩን ቆርቆሮ ከመደርደሪያ አወረደችው።

ኹርቼ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ በየበጋው የቱሊፕ ሽንኩርት፣ አበባው የሚበቅልበትን ሥር፣ ስትልጥ ኖራለች። በእኛ አገር ሴቱም ልጁም ይልጣል፤ እንደ እሷ ግን የሚልጥ አልነበረም። ሌላው አንድ ሳጥን ሲጨርስ እሷ ሁለተኛዋን ታጋምሳለች፤ ከሳጥኗም አንድ የቆሰለ ሽንኩርት አይገኝም። ስለ ሳንቲም ትምህርት የላትም። ስለ ልጣጭ ግን ከሷ በላይ ላሳር።

ሳንቲሟን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ ስታይ በጎላው ወገን አንድ ነገር አስተዋለች። ከታችኛው አንበሳ የኋላ እግር ተነስቶ እስከ ሳንቲሙ ጠርዝ የሚሄድ፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ከፍ ያለ መስመር ነበር። ሳይመን ስለዚህ ነገር ስንት ምሽት አውርቶላታል፤ ማኅተሙ ብረት ሲደክም ይሰነጠቃል፣ መዳቡ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ማኅተም የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ ያን መስመር ይዞ ይወለዳል።

ይህን ይዛ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን የእናቷን የስፔኩላስ ብስኩት ማተሚያ እንጨት አወጣች። እንጨቱ ላይ የተቀረጸው የንፋስ ወፍጮ ክንፉ ላይ ስንጥቅ አለበት፤ ከዚያ የወጣ ብስኩት ሁሉ ክንፉ ላይ ጠባሳ አለው። አንዱን ጋግራ አደረቀችና፣ የደረቀውን ብስኩት ፊት ለስላሳ ሊጥ ላይ ተጫነችው። ወፍጮው ሰርጉዶ፣ ተገልብጦ ወጣ። ጠባሳውም አብሮ ሰርጉዶ ወጣ፤ ከክንፉ ቀኝ ወደ ክንፉ ግራ ተዛውሮ።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ሳንቲሟ በእርግጥ በማተሚያ ቤት ስህተት ከተወለደች፣ ተጣብቃ የቀረችው ሳንቲምም ከዚያው ከተሰነጠቀ ማኅተም የወጣች ናት። ስለዚህ በሰረጎደው ወገን፣ በዝገቱ ሥር፣ ያው ስንጥቅ ተገልብጦ መኖር አለበት። ሳይመን ቀደም ሲል ከመሬቱ ያገኘውን ሌላ ዳውት ሞርሳ ውስጥ ከቶ ተጭኗት ከሆነ ግን እዚያ ሥር ምንም የለም። መልሱ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሲጋር ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

ታዲያ ሳይመን ለምን ዝገቱን አላነሳውም? ማኅበሩ አንድ የማይሻር ሕግ ስላለው ነው፤ ከምድር የወጣ መዳብ አይጸዳም። ዝገቱ የመዳቡ ቆዳ ነው፤ ሲላጥ አብሮት ምስሉ ይላጣል፣ የቀረውም ይበላሻል። መምህር ማይንደርት ይህን በየስብሰባው ሳያነሱ ወደ ቤት አይገቡም ነበር። ሳይመን ሌላውን ሁሉ ቢቀልድበትም በዚህ ሕግ አልቀለደም። መምህሩም በራሳቸው ሕግ ታስረው ከቆዳው በላይ ያለውን ብቻ አይተው ፈረዱ። ሁለት ጨዋ ሰዎች አንድ ሕግ አክብረው እውነቱን ቀበሩት ማለት ነው።

ኹርቼ ልጇን ቲኔኬን ጠርታ ልታነሳው እንዳሰበች ነገረቻት። ቲኔኬ ደነገጠች።

«እማ፣ ከተበላሸስ? ከአባዬ የቀረን እኮ ነው።»

«ከአባትሽ የቀረን ሞርሳ የሚል ስም ነው።»

«እሺ፣ ስንጥቁ ባይኖርስ?»

«ባይኖር አርባ ስድስት ዓመት ከአታላይ ጋር እንደኖርኩ አውቃለሁ» አለች። «ማወቅ ይሻለኛል። አልቅሼ እተወዋለሁ፤ ስሙንም ተሸክሞ ይኑር።»

ሥራው በኅዳር ተጀመረ። ሳንቲሟን የወይራ ዘይት ባለበት የቡና ስኒ ውስጥ አስተኛቻት፤ ዘይቱን በየሳምንቱ ትለውጣለች፣ ዘይቱም በየሳምንቱ አረንጓዴ ይሆናል። መሣሪያዋ ከአጥሩ የቆረጠችው እሾህ ነበር፤ ብረት መዳብን ይጭራል፣ እሾህ ግን ራሱ ይታጠፋል እንጂ አይጭርም። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ቀትር ላይ፣ በመስኮቱ ብርሃን፣ ማጉሊያ መነጽሯን ክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሠራለች። ሰዓቱ ሲሞላ፣ ቢሳካም ባይሳካም፣ እሾኋን ታስቀምጣለች። ጎረቤት ለሻይ ቢጠራት አትሄድም። የሰንበት መዝሙር ልምምድ ቀረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ሠርተው አያውቁም፤ በቀን የምታነሳው ዝገት ከአሸዋ ፍሬ አይበልጥም ነበር።

በታኅሣሥ መጨረሻ ጉድ ሆነ። ከጠርዙ በኩል ስትገፋ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቅርፊት ብድግ ብላ ወጣች፤ አብሯትም የአንዱ አንበሳ ጅራት ጫፍ ሄደ። ከሥሩ የቀረው መዳብ ቀይና ሻካራ ነበር፣ እንደ ተላጠ ጉልበት። ኹርቼ ሦስት ቀን ሳንቲሟን አላየቻትም። መምህሩ ልክ ነበሩ ብላ አሰበች፤ ያን ማሰቡ ከጅራቱ መጥፋት ይልቅ አበሳጫት።

በአራተኛው ቀን ድንች እየላጠች ሳለ የቱሊፕ ሽንኩርት መላጥ ያስተማረቻት ሟች አሠሪዋ የነገረቻት ነገር ትዝ አላት። ልጣጭን ከዳር አትጀምሪ፤ ራሱ የለቀቀበትን ቦታ ፈልጊ፣ ከዚያ አስከትዪ። ድንቹን ጥላ ተነሳች። ሳንቲሟን አዘንብላ በማጉሊያው ፈለገች፤ በሁለቱ አንበሶች መካከል ዝገቱ በራሱ ጊዜ የፈረከሰበት ፀጉር የምታህል ክፍተት አገኘች። እሾኋን እዚያ አስገባችና ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ላይ ቀና አደረገቻት። ቅርፊቱ ተነሳ። ከሥሩ የታየው ቸኮሌት የመሰለ ቡናማ፣ ልስልስ ያለ መዳብ ነበር፤ አንድም ቁስል የለበትም።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ ሁለት ቀን ፈጀባት። በየካቲት አጋማሽ አንበሶቹ እስከ ጥፍራቸው ወጡ። የቀረው ከታችኛው አንበሳ እግር እስከ ጠርዝ ያለው ጥቂት ቦታ ነበር። ያን ቀን ሰዓቱ ሞልቶ ነበር፤ እሾኋን አላስቀመጠችም። ሕጓን ያፈረሰችው ያን ቀን ብቻ ነው።

መጨረሻው ቅርፊት ሲነሳ እዚያው ነበር። ከእግሩ ተነስቶ እስከ ጠርዝ፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ሰርጉዶ፣ ተገልብጦ። ስንጥቁ። በጎላው ወገን ያለው መታጠፊያ እንኳ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የሚጎብጠው፣ አልቀረም።

ኹርቼ ማጉሊያዋን አወለቀች። ደስ ይለኛል ብላ ስታስብ የነበረችው ሌላ ዓይነት ደስታ ነበር። እፎይታው መጣ፣ ከእፎይታው ኋላ ግን ሐፍረት ተከትሎት ገባ። ንጹሕ ነበር። ድልድዩ ጋ ጀልባውን ሲያይ ንጹሕ ነበር፤ እሷም ጠየቀችው። ተቀምጣ አለቀሰች፤ አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን ታጠበችና ቅዳሜ መቼ እንደሆነ ቀን መቁጠሪያው ላይ አየች።

ቅዳሜ ጠዋት ሆርን ደረሰች። ከማኅበሩ አርባ ሰዎች አሥራ ስድስቱ ብቻ ቀርተዋል፤ ቀሪዎቹን አፈር በልቷቸዋል። ኹርቼ ከቦርሳዋ መጀመሪያ ያወጣችው ሳንቲሟን ሳይሆን ብስኩቶቹን ነበር። አንዱን ከእንጨቱ የወጣ፣ አንዱን በብስኩት የታተመ። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ጠባሳውን በጣቷ እያሳየች ነገሯን አስረዳች። ገንዘብ ያዡ ከልማድ የተነሳ እጁን ሰዶ አንዱን ሊያነሳ ሲል፣ «ማስረጃ ነው፤ ስትጨርሱ ትበላዋለህ» ብላ እጁን መለሰችው። ሳቁ። ቀጥላ ሳንቲሟን አኖረች፤ ሳቁ ቆመ።

መምህር ማይንደርት ሳንቲሟን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ማነው ያጸዳት?»

«እኔ።»

«አይጸዳም ተብሎ...»

«ተብሏል» አለች ኹርቼ። «ሳይመን ሰምቶዎታል። ለዚያ ነው እኔ ያጸዳኋት። መምህር፣ አሁን መነጽርዎን ያድርጉና የሚታየውን ይዩ።»

ከክፍል ተማሪ እንኳ እንዲህ ተናግሯቸው የሚያውቅ አልነበረም። መነጽራቸውን አደረጉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዳቦ ቆርሶ የሚበላ ብቻ ሳይሆን ዳቦ አቡክቶ የሚጋግር ሁሉ ይጨርስ ነበር። የጎላውን ወገን አዩ፣ የሰረጎደውን አዩ፣ እንደገና የጎላውን። ከዚያ ተነሱና፣ ግድግዳው ዳር ወዳለው የራሳቸው መሳቢያ ሄደው አንዲት ዳውት ይዘው ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት ያኖሯት ነበረች። ከሳይመን ሳንቲም ጎን አስቀመጧት። ያው አንበሳ፣ ያው እግር፣ ያው መታጠፊያ ያለው መስመር፤ የሳቸው ብቻ አጠር ይላል፣ ስንጥቁ ገና እስከ ጠርዝ ሳይደርስ የታተመች ናትና።

«አንድ ማኅተም ነው» አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «በሞርሳ ይህን ማድረግ አይቻልም። ያን ቀን ይህች መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች። ተነስቼ ባወጣት ኖሮ ስንጥቁን አይቼ ፍርዴን አዘገይ ነበር።» ተቀመጡ። አሥራ ስድስቱ ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ። «ወይዘሮ ኹርቼ፣ ባለቤትዎን በድያለሁ። በሰው ፊት ነው የበደልኩት፤ በሰው ፊት እናገረዋለሁ።»

ለዚህ ቀን ብላ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አራት ወር ዘይት ስትለውጥ ያጠናችው፣ ኮምጣጤ የበዛበት። አፏ ላይ ደርሶ ቆመ።

«እኔም» አለች።

መምህሩ አልገባቸውም።

«እኔም በድየዋለሁ። እርስዎ የሚያውቁት ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። እኔ ሚስቱ ነበርኩ፤ ያን ቀን አድርገኸው ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። ከማኅበሩ የቀረው በእርስዎ ነው። ዝም ያለው ግን በእኔ ነው።»

መምህር ማይንደርት ቀይ እስክሪብቶአቸውን አውጥተው ተመለከቱት፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱትና ከገንዘብ ያዡ ሰማያዊ ተዋሱ። ሠላሳ አንደኛውን መስመር እንደ አዲስ ጻፉት። አግኚ ከሚለው ፊት ለፊት ሲደርሱ እጃቸውን አቁመው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉም ከነቅጽሉ እንደሚጻፍ፣ ያንን ስም ግን ሊተዉት እንደሚችሉ ነገሯት።

«አይተዉት» አለች። «ሳይመን ሞርሳ ብለው ይጻፉ። ስሙን አይቶ የሚስቅ ሰው ከሥሩ ያለውንም ያንብብ።»

ወደ ቤት ስትመለስ ራሷ ነበረች የምትነዳው። ሳንቲሟ ጎኗ ባለው ወንበር ላይ፣ የሲጋር ቆርቆሮዋ ውስጥ ነበረች። ተነሺው ድልድይ ጋ ስትደርስ ወርዶ ነበር፤ ጀልባም የለም። ግን አልተሻገረችም። ዳር ይዛ ሞተሩን አጠፋችና ጎኗ ወዳለው ወንበር ዞረች።

«ሳይመን» አለች፣ «አላደረግኸውም።»

ከኋላዋ የመጣ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ እጇን በመስኮት አውጥታ እንዲያልፍ አመለከተችው። እሷ ገና አልጨረሰችም ነበር።